ውኃ ላይ የቆመ ጎጆ፦ ስለ ተንሳፋፊ የዳክዬ ማድፈጫዎች አደጋ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአብዛኞቻችን ሩቅ ሊመስል ይችላል። በኢትዮጵያ ዳክዬ ማደን የተለመደ ነገር አይደለም፤ ሐይቆቻችን ላይ የሚያርፉትን ዳክዬዎች አይተን እናልፋለን እንጂ ጠመንጃ ይዘን አንጠብቃቸውም። በአሜሪካ ግን፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውን ሚኒሶታንና ሜሪላንድን ጨምሮ፣ የዳክዬ አደን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልማድ ነው። ከልጆቻችን ጋር የሚማሩ ልጆች ቤተሰቦች ያድናሉ፤ የሥራ ባልደረቦቻችን ያድናሉ፤ «ቅዳሜ ሌሊት አብረን እንውጣ» የሚል ግብዣም ይመጣል። ግብዣው ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ውኃ ላይ ወደሚንሳፈፍ ማድፈጫ ነው። ማድፈጫው በበርሜል ወይም በፎም ላይ ከተዘረጋ የጣውላ ወለል ይጀምራል። ዙሪያውን ግድግዳ ይቆምለታል፤ ግድግዳው በሸምበቆ፣ በሣርና በቅርንጫፍ ይሸፈናል፤ ከፊሉ ጣራ ይኖረዋል፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ የጋዝ ማሞቂያ፣ አንዳንዴም ቁርስ የሚጠበስበት ምድጃ ይገባል። ሌላው ዓይነት ደግሞ በሞተር ጀልባ ላይ ተጣጣፊ ማዕቀፍ ተተክሎ በሣር የሚሸፈነው ነው። አዳኞቹ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ የማባበያ ዳክዬዎችን ፊት ለፊታቸው በውኃው ላይ በትነው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው፣ ወፎቹ ዝቅ እስኪሉ ይጠብቃሉ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በተንሳፋፊ ማድፈጫ ላይ ሰው የሚሞተው በግድየለሽነት ብቻ አይደለም፤ አደጋው ማድፈጫው ከተሠራበት ዓላማ ጋር የተሳሰረ ነው። ማድፈጫን ጥሩ ማድፈጫ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ሰውን ውኃ ላይ በሕይወት ከሚያቆየው ነገር እየቀነሰ የሚመጣ ነው። ግድግዳው ከዳክዬ ዓይን ይሸሽጋል፤ ያው ግድግዳ ነፋስ ይይዛል፤ መውጫም ይዘጋል። የሣሩ ሽፋን ከአካባቢው ጋር ያመሳስላል፤ ያው መመሳሰል ነፍስ አድን ጀልባ እንዳያየው ያደርጋል። ማሞቂያው ጠዋቱን ያስችላል፤ ያው ማሞቂያ አየሩን ይመርዛል። ይህን የተረዳ ሰው «ተጠንቀቁ» ብሎ አያቆምም፤ ማድፈጫው ገና ሲሠራ፣ ቦታውም ሲፈቀድ፣ በምን መልክ መሠራት አለበት ብሎ ይጠይቃል።

ከክብደት ልጀምር። አንድ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ባዶ የፕላስቲክ በርሜል ሙሉ በሙሉ ቢሰጥም ሁለት መቶ ኪሎ የሚሆን ውኃ ይገፋል፤ የራሱ ክብደት ሲቀነስ 190 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ሠሪው ይህን ያውቃል፤ ጣውላውን፣ ሰዎቹንና ዕቃውን ደምሮ በርሜል ይቆጥራል፤ «ይበቃል» ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የመለሰው ጥያቄ ግን «ይንሳፈፋል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። «ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ግድግዳውና ጣራው ክብደቱን ወደ ላይ ያወጡታል። ሣሩ በዝናብ ይርሳል፤ ሌሊት ሲበርድ የሚረጨው ውኃ ቅርንጫፉ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ይህ ሁሉ ክብደት የሚጨመረው ከወለሉ በላይ ነው። ከዚያ ወሳኟ ደቂቃ ትመጣለች። ሦስትና አራት ሰዓት ተቀምጠው የቆዩ አራት ሰዎች ወፎቹ ሲወርዱ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ፤ ሁሉም የሚቆሙት በአንድ በኩል፣ ወደ ተኩሱ አቅጣጫ ነው፤ ውሻው የወደቀውን ወፍ ሊያመጣ ከዚያው ጠርዝ ይዘላል። አራቱ ሰዎች ከወፍራም ልብሳቸው፣ ከጫማቸውና ከጥይታቸው ጋር አራት መቶ ኪሎ ያህል ይሆናሉ። ያ ክብደት መሐል ላይ ተበትኖ የነበረ ጊዜና በአንድ ጠርዝ ላይ በአንድ ቅጽበት የተከመረ ጊዜ አንድ አይደለም። በእጅ የያዙት ጠመንጃ ጥይት የጎረሰ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ወለሉ በትንሹ ማዘንበሉ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

ነፋሱን እንጨምርበት። ርዝመቱ አምስት ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ግድግዳ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲህ ያለውን ግድግዳ በግምት በ120 ኪሎ ጉልበት ይገፋዋል። ሣሩ የተወሰነ ነፋስ ያሳልፋል ብንል እንኳ ከፍተኛ ጉልበት ነው። የነፋስ ባሕርይ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ መሆኑ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ 120ው ወደ 500 ይጠጋል። ይህ ጉልበት የሚያርፈው ከወለሉ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ስለሆነ ወደፊት ከመግፋት አልፎ ይገለብጣል። መልሕቁ ካልያዘ ማድፈጫው ከነሰዎቹ ወደ ሐይቁ መሐል ይነዳል፤ መልሕቁ ከያዘ ደግሞ ሞገዱ እየመጣ በአንድ በኩል ይረግጠዋል። በጀልባ ላይ የተሠራው ማድፈጫ የራሱ ችግር አለው፦ ለተኩስ እንዲመች በኋላው በኩል የሚታሰርበት ጊዜ አለ፤ ሞተሩ የተሰቀለበት ኋላው ግን የጀልባው ዝቅተኛው ጠርዝ ነው። ሞገድ የሚገባውም በዚያው ነው። ሐይቁ ጥልቀት የለውም ብሎ መጽናናት አያዋጣም፤ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ዝቅ ላለ ጀልባ የባሰ ነው።

«ታዲያ ነፋስ ሲኖር አለመውጣት ነው» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህ ለዓሣ አጥማጅ ወይም ለመዝናናት ለሚቀዝፍ ሰው ትክክለኛ ምክር ነው። የዳክዬ አዳኝ ግን ሌላው ሰው የሚሸሸውን አየር የሚፈልግ ሰው ነው። በጸጥታ ቀን ዳክዬ ሰፊው ውኃ መሐል አርፎ ይውላል፤ ብርድና ማዕበል ሲመጣ ግን ከሰሜን በመንጋ ይነሣል፤ ዝቅ ብሎም ይበርራል። ጥሩ አደን የሚገኘው አየሩ ሲበላሽ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየበት ቀን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1940 ነው፤ አሜሪካውያን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ማብቂያ የሚያከብሩበት የበዓል ቀን ነበር። በላይኛው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳርና ደሴቶች ላይ፣ በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በአዮዋ፣ ብዙ አዳኞች ሥራ የሌለበትን ቀን ተጠቅመው ወጡ። ጠዋቱ ለወቅቱ ያልተለመደ ሞቃት ስለነበር ቀለል ያለ ልብስ የለበሱ ብዙ ነበሩ። ከዚያ ዳክዬው ታይቶ በማይታወቅ ብዛት ይመጣ ጀመር። ወፎቹ የሚሸሹት ከኋላቸው የሚመጣውን ማዕበል ነበር፤ ከታች ላሉት ሰዎች ግን የዕድሜ ልክ አደን የተከፈተላቸው መሰላቸው። መሄድ በነበረባቸው ሰዓት ቆዩ። ሙቀቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቁልቁል ወረደ፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ ነፋሱ ወንዙን ትናንሽ ጀልባዎች ሊሻገሩት በማይችሉት ሞገድ ሞላው። ለመመለስ የሞከሩት ሰጠሙ፤ የቀሩት በደሴቶቹ ላይ በብርድ ደረቁ። አንዳንዶች ጀልባቸውን ገልብጠው ሥሩ በመግባትና ከውሾቻቸው ጋር ተጣብቀው ሌሊቱን አለፉት። በማግሥቱ የዊኖና ከተማው አብራሪ ማክስ ኮንራድ በትንሽ አውሮፕላን በወንዙ ላይ እየተዘዋወረ የተረፉትን ፈለገ፤ ምግብና ክብሪት ጣለላቸው፤ ከላይ እየዞረም ነፍስ አድን ጀልባዎችን መራ። ማዕበሉ ባለፈባቸው ግዛቶችና በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ከሰጠሙት መርከቦች ጋር በጠቅላላው የሞተው ሰው ወደ 150 ይጠጋል። በሚኒሶታ ብቻ 49 ሰው ሲሞት ግማሽ ያህሉ ዳክዬ አዳኞች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የአየር ትንበያው ተሻሽሏል፤ ያ ማዕበል ራሱ የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሌትና ቀን እንዲሠራና የትንበያ ቢሮዎቹን እንዲያሰፋ ምክንያት ሆኗል። የሰው አካልና የቀዝቃዛ ውኃ ግንኙነት ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ነገር ብዙዎች የያዙት ግምት ስሕተት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ቀስ በቀስ በርዶ የሚሞት ይመስለናል። አብዛኛው ግን ከዚያ በፊት ነው የሚሞተው። ውኃ ከአየር ይልቅ በ25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ሰውየው ሲገባ ቆዳው የሚሰማው ድንገተኛ ብርድ ሳይፈልግ በኃይል እንዲተነፍስ ያደርገዋል፤ ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ጭንቅላቱ ውኃ ውስጥ ሳለ ከመጣ የሚስበው ውኃ ነው። ልቡ ይደልቃል፤ ትንፋሹን መግታት አይችልም። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብረክት ለሕዝብ ያስተማሩት ቀላል ቁጥር አለ፦ አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ። ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፤ እጅና እግር እንደ ልብ ለሚታዘዝበት ጊዜ ዐሥር ደቂቃ፤ ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት አንድ ሰዓት። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን በመሐል ያለው ዐሥር ደቂቃ ሲያልቅ ጣት ገመድ አይጨብጥም፤ ክንድ ሰውነትን ወደ ጠርዝ አይጎትትም፤ መዋኘት የሚችለውም ሰው መዋኘት ያቆማል። ያን አንድ ሰዓት የሚያገኘው ላይፍ ጃኬት አድርጎ የገባ ሰው ብቻ ነው። ሌላው በብርድ ለመሞት እንኳ ጊዜ አያገኝም፤ አስቀድሞ ይሰጥማል። ዳክዬ በሚታደንበት በኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ሐይቅ ውኃ ከበረዶ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ከአዳኞች ዘንድ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። «በፎም ላይ የቆመ ማድፈጫ አይሰጥምና ምን ያስፈራል?» ይላሉ። ፎሙ በደንብ የታሸገ ከሆነ ማድፈጫው በእርግጥ ላይሰጥም ይችላል። ያልታሸገ ፎም ግን ከዓመት ዓመት ውኃ ይጠጣል፤ መስክራት የሚባለው የውኃ አይጥ ይቦረቡረዋል፤ ባለቤቱ ከላይ ጣውላውን ሲያይ ከሥር የሆነውን አያይም። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ለመሞት ማድፈጫው መስጠም አያስፈልገውም። ቢያዘነብል ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ በረዶ ቢያንሸራትት ይበቃል። ወደ ማድፈጫው የሚወስደውን ትንሽ ጀልባም እንዳንረሳ። በአሜሪካ ሕግ ተኩስ የሚፈቀደው በአብዛኛው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቦታው ላይ ሊገኝ የሚፈልግ ሰው ውኃውን የሚሻገረው በድቅድቅ ጨለማ፣ ከልክ በላይ በተጫነ ጀልባ ነው። ማባበያ ዳክዬው፣ ጠመንጃው፣ ጥይቱ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ ውሻውና ሰዎቹ ሁሉ አንድ ጀልባ ላይ ናቸው። ሌላው በሰፊው የሚታመን ነገር እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪ ውኃ ሞልቶት ሰውን ወደ ታች ይጎትታል የሚለው ነው። ሱሪው ውስጥ የገባ ውኃ ውኃ ውስጥ ሳለ ክብደት የለውም፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ አይጎትትም። ክብደቱ የሚመጣው ሰውየው ወደ ላይ ሊወጣ ሲሞክር ነው፤ ያን ጊዜ በየእግሩ ያለው ውኃ ሁሉ ከእርሱ ጋር መነሣት አለበት። ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። የወደቀ ሰው በድንጋጤ ሱሪውን ለማውለቅ እየታገለ ዐሥሩን ደቂቃ አይጨርስም፤ ማድፈጫ የሚሠራ ሰውም ከውኃው ሥር የሚጀምር መሰላል መግጠም ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። የተሟላ ምድጃ ያለው፣ መሰላል ግን የሌለው ማድፈጫ ሰው በምን እንደሚወጣ ሳይታሰብ የተሠራ ነው።

ስለ ማሞቂያው ለኢትዮጵያውያን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያመጣ የማናውቅ የለንም። ነገሩ ያው ነው፤ ፕሮፔን በቂ አየር በሌለበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታቱንና ድካሙን ሰው የሌሊት እንቅልፍ ማጣት አድርጎ ይወስደዋል። ከከሰሉ የሚለይበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ያልነደደ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጀልባ ደግሞ ወለሉ ዙሪያውን የተዘጋ ሳሕን ነው፤ የፈሰሰው ጋዝ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። በደረቅ ሣር በተሸፈነ ግድግዳ ውስጥ እሳት ቢነሣ ማምለጫው አንድ ጠባብ በር፣ ከበሩ ውጭም ቀዝቃዛ ውኃ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በሁለት ተቃራኒ በኩል ያለ መውጫ የአንድ ጠዋት የአናጢ ሥራ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? እዚህ ላይ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። በሜሪላንድ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ ሰስኳሃና ወንዝ በሚገባበት ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አዳኞች ከውኃው በታች የሰመጠ ሣጥን ይጠቀሙ ነበር። ሰውየው በሣጥኑ ውስጥ በጀርባው ይጋደማል፤ ከጎንና ከጎን ሸራ የተወጠረባቸው ክንፎች ሞገዱን ያበርዱለታል፤ ጠርዙ ከውኃው ጋር እኩል እንዲሆን ከቀለጠ ብረት የተሠሩ የማባበያ ዳክዬዎች ይጫኑበታል። ይህ የተንሳፋፊ ማድፈጫ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ሰውየው ከውኃው በታች ሆኖ ከውኃው የሚለየው የጣት ስፋት ብቻ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ከለከለው። ክልከላው ዛሬም አለ። ምክንያቱ ግን ሰውየው አልነበረም፤ ዳክዬው እየተጨረሰ ስለነበር ነው። ሌሎቹንም የዳክዬ አደን ደንቦች ብታዩ የሚጠብቁት ወፉን ነው፦ ጠመንጃ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ፣ የእርሳስ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ እንዳይተኮስ፣ ከማለዳው ከስንት ሰዓት እንደሚጀመር። እነዚህ መልካም ደንቦች ናቸው፤ ዳክዬው በእነርሱ ተርፏል። የምጠይቀው ያው ጥንቃቄ ለሰውም እንዲደርስ ነው። ልብ በሉ፣ ያ ጥንታዊ ሣጥን እንኳ አዳኙን ብቻውን አይተወውም ነበር፤ ነፋስ ሲነሣ ሰውየውን የሚያነሣ ጠባቂ ጀልባ ከሩቅ ሆኖ ይከታተለው ነበር። ዛሬ ብዙ ተንሳፋፊ ማድፈጫ ላይ ይህ ሰው የለም።

በፋብሪካ የተሠራ ትንሽ የሞተር ጀልባ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚጭን የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፎበት ይሸጣል፤ ውኃ ቢሞላውም እንዲንሳፈፍ ሆኖ መሠራት ግዴታ ነው። ሰው በግቢው ለራሱ የቸነከረው ማድፈጫ ላይ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለም። ማድፈጫው ጀልባ ነው ወይስ ቤት የሚለው ራሱ የለየለት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በፍሎሪዳ የአንድ ሰው ተንሳፋፊ መኖሪያ ቤት ጉዳይ ቀርቦለት፣ ቤቱ ሰውና ዕቃ በውኃ ላይ ለማጓጓዝ የተሠራ ስላልሆነ በሕግ እንደ ጀልባ አይቆጠርም ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ ስለ አደን አልነበረም፤ ውሳኔው በራሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቦታ ታስሮ የሚቆም፣ ሞተር የሌለው፣ ግድግዳና ጣራ ያለው ነገር ከጀልባ ደንብ ውጭ ሊወድቅ እንደሚችል ያሳየናል። የቤት ደንብም ውኃ ላይ አይከተለውም። አዳኙም በልቡ እንዲሁ ነው የሚያስበው፤ ጀልባው ላይ ሳለ ላይፍ ጃኬቱን ያደርጋል፤ ማድፈጫው ደርሶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቤቱ የገባ ይመስለውና ያወልቀዋል። አደጋው ግን እዚያው ከሥሩ ነው።

ጃኬቱን የሚያወልቁት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ መናቅም አይገባም። ወፍራሙ ጃኬት የጠመንጃው ሰደፍ ትከሻ ላይ በትክክል እንዳያርፍ ያደርጋል፤ እንዲህ የተተኮሰ ጥይት ወፉን ይስታል፣ ወይም አቁስሎ ይለቀዋል። ይህ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጠንካራ መከራከሪያ ነበር። ዛሬ ግን ውስጡ መንሳፈፊያ የተሰፋበት የአደን ካፖርት አለ፤ በአንገት ላይ እንደ ነጠላ ተጥሎ ውኃ ሲነካው የሚነፋ ቀጭን ጃኬትም አለ። የሚነፋው ጃኬት የጋዝ መያዣው በየጊዜው መታየት አለበት፤ ለልጆችም አይሆንም፤ ለእነርሱ መደበኛው ነው የሚያስፈልገው። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በየዓመቱ የሚያወጣው መዝገብ ሁልጊዜ የሚነግረን አንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ 564 ሰው ሞቷል፤ የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ከአራቱ ሦስቱ የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙት መካከል የጃኬታቸው ሁኔታ ከተመዘገበው 87 ከመቶ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አላደረጉም። ይህ ቁጥር የአዳኞች ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውም በሞቃቱ ወራት የሚደርስ ነው። ሞቃት ውኃ ውስጥ፣ በቀላል ልብስ፣ ብዙ ሰው በሚያይበት ጊዜ የሆነው እንዲህ ከሆነ፣ በኅዳር ጨለማ ሰው በሌለበት ውኃ ላይ ጃኬት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማሰብ አይከብድም።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ «የሚሞተው ጥቂት ሰው ነው፤ አዳኙም ነፃ ሰው ነውና የራሱን አደጋ ይምረጥ፤ ደንብ በዛብን» የሚል ነው። ቁጥሩ ከመኪና አደጋ ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ ትንሽ ነው። እኔ ግን ትክክለኛው መለኪያ ማዳኛው ምን ያስከፍላል የሚለው ይመስለኛል። መሰላል፣ ሁለተኛ በር፣ የጋዝ መለኪያ፣ በጠርዙ ዙሪያ የሚጨበጥ ገመድ፣ ከላይ ሲታይ ደማቅ የሆነ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ጨርቅ፦ እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ ጥሩ ጠመንጃን ዋጋ አይነኩም። ነፃነትን በተመለከተ፣ በማድፈጫው ያለው ሁልጊዜ የመረጠው ሰው ብቻ አይደለም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለ፤ ስለ ውኃው ምንም የማያውቅ እንግዳ አለ፤ በኋላም በዚያው ማዕበል ሊፈልጋቸው የሚወጣ ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ። ደግሞም የምጠይቀው አዲስ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አይደለም። በኢሊኖይና በቴነሲ የሕዝብ የአደን ቦታዎች ላይ የማድፈጫ ቦታ በዕጣ ይሰጣል፤ በሜሪላንድም ከዳርቻ ርቆ ውኃ ላይ ለሚተከል ማድፈጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦታውን የሚሰጠው ሰው ቅጹ ላይ አንድ ገጽ ይጨምር፤ ስንት ሰው እንደሚይዝ ባለቤቱ አስልቶ በበሩ ላይ ይጻፍ፤ ፎሙ የታሸገ ይሁን፤ መሰላልና ሁለት መውጫ ይኑር። የእርሳስ ጥይት ሲከለከልም «አደን አበቃለት» የሚል ጩኸት ነበር፤ አደኑ ግን አላበቃም።

በመጨረሻ «ዛሬ ስልክ አለ፤ እንደ 1940 አይደለም» የሚለው ይቀራል። ስልክ ትልቅ ነገር ነው፤ ትንበያውን አስቀድሞ ያሳያል፤ ያለምንም ማመንታት ልንጠቀምበት ይገባል። ነገር ግን ብርድ ባትሪውን ያዳክመዋል፤ የደነዘዘ እርጥብ ጣት መስተዋቱን አይነካም፤ ኔትወርክ የሌለበት ረግረግም ብዙ ነው። በሣር የተሸፈነ፣ ተገልብጦም ከሸምበቆው የማይለይ ማድፈጫ ደግሞ ጥሪ ደርሶ ጀልባ ቢላክ እንኳ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ፈላጊው የት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ዳርቻ ላይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በብዙ የእኛ ቤተሰቦች ያ ሰው ቤት የቀረችው እናት ወይም ሚስት ናት፤ የሐይቁንም ስም ላታውቀው ትችላለች። ከመውጣት በፊት በወረቀት ተጽፎ ቤት መቅረት ያለበት ጥቂት ነገር ነው፦ የሐይቁ ስምና ጀልባው የሚወርድበት ቦታ፣ ማድፈጫው ከዚያ በየት አቅጣጫ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳለና የመኪናው ታርጋ፣ የጋባዡ ስልክ፣ የመመለሻው ሰዓት። ሰዓቱ አልፎ ስልክ ካልተነሣ የሚደወለው 911 ነው፤ እንግሊዝኛ የማይቀናት እናት «አምሃሪክ» (አማርኛ) ብላ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለች፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ካለ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ነገር አታጣም።